ካርቦን ፋይበር የፍንዳታ ምት ይችላል ወይ? የአንድ ባትላሜራ ጥያቄና 41 ምላሾች

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ሥራዬ ባትላሜራ ነው፤ የተሰረጎደ ላሜራ እያወጣሁ፣ ስቱኮ እየሞላሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈግኩ 17 ዓመት ኖሬያለሁ። በቅርቡ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ኮፈን እጄ ገባ። በአንድ እጄ አንጠልጥዬ ሳነሳው ገረመኝ፤ ቀጥዬ በመዶሻ አንዴ አቀመስኩት። ላሜራ ቢሆን ኖሮ ይሰረጉድ ነበር። ይሄኛው ግን መዶሻዬን አንጥሮ መለሰልኝ፤ ምልክት እንኳ አልያዘም።

ማታውን ኢንተርኔት ላይ ወዳለ የውይይት ገጽ ገብቼ ጻፍኩ። ካርቦን ፋይበር ከብረት አምስት እጥፍ ይቀላል፣ በጥንካሬም አምስት እጥፍ ይበልጣል ይባላል፤ እንዲህ ከሆነ የፍንዳታን ምትም አምስት እጥፍ መቋቋም አለበት፤ ታዲያ ጥይትና ፈንጂ እንዲከላከሉ የሚሠሩ መኪኖች እስካሁን ለምን በብረት ይሠራሉ አልኩ። በመጨረሻ የብረት ነጋዴዎች ሴራ ሳይኖርበት አይቀርም ብዬ ጨመርኩ። ይህቺን ዐረፍተ ነገር ባልጻፍኳት ኖሮ ግማሹ ስድብ ይቀርልኝ ነበር።

በሦስት ቀን ውስጥ የእኔን ጨምሮ 41 ምላሽ መጣ። ክሩ፣ ማለትም የምላሾቹ ሰንሰለት፣ ረጅም ነው፤ መሀሉ ላይ ጠብም አለበት። ሙሉውን ለማንበብ ጊዜ ለሌለው እንዲሆን በራሴ አነጋገር ላውራው።

1ኛውና 2ኛው ሰዎች ጥያቄው ደስ እንዳላቸው ገልጸው አዋቂ እንጠብቅ ብለው ተቀመጡ። 3ኛው አዋቂ ነበር። የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነው፤ ወንድሜ እያለ በትሕትና ነው የጻፈው። ምልክት አለመያዙ ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም አለኝ። ላሜራ ሐቀኛ ነው፤ ሲመታ ይሰረጉድና ተመታሁ ይላል። ካርቦን ፋይበር ግን እንደ ወረቀት የተነባበረ ጨርቅ ሬዚን በሚባል ሙጫ ተጣብቆ የደረቀ ስለሆነ ላዩ ሳይነካ ውስጥ ለውስጥ ንብርብሩ ሊላቀቅ ይችላል። እነሱ ጋ አንድ ተሽከርካሪ የአውሮፕላኑን አካል ገፋ ከተባለ መጀመሪያ በሳንቲም ወይም በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ ያንኳኳሉ። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተላቀቀው ቦታ ድፍን ይላል። ከዚያ በአልትራሳውንድ ያረጋግጣሉ። ገበያ ላይ ምጣድና ጋን ሲገዛ በጣት አንኳኩቶ ስንጥቅ እንደሚታወቀው ነው ብሎ ጨረሰ። እናቴ ጀበና ስትገዛ ጆሮዋን አስጠግታ የምታደርገውን ሳስታውስ ብቻዬን ሳቅኩ። ሳቄ ግን ብዙም አልቆየም፤ መዶሻዬ ትዝ አለኝ።

4ኛው ትሕትና የለውም። አምስት እጥፍ ማለት በየትኛው አቅጣጫ ነው ብሎ ጀመረ። ክሮቹን ተከትለህ ብትስበው ጥሩ የካርቦን ኮምፖዚት፣ ማለትም ክሩ ከነሬዚኑ፣ ከ1,500 ሜጋፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ ነው) በላይ ይችላል፤ የግንባታ ብረት ደግሞ ከ400 እስከ 500 አካባቢ ነው። ንብርብሮቹን ለማላቀቅ ብትስብ ግን የሚይዝህ ክር የለም፣ ሬዚኑ ብቻ ነው፤ እሱም 50 አካባቢ ላይ ይለቃል። ያው ዕቃ፣ ያው ቀን፣ ሠላሳ እጥፍ ልዩነት። እንጨት ፈላጭ ጠይቅ አለኝ፤ የባሕር ዛፍ ግንድ አቁመህ በአናቱ ብትመታው በአንድ ምሳር ለሁለት ይሄዳል፣ አጋድመህ ልቁረጥህ ብትለው ግን ላብህ ይንጠፈጠፋል። ከዚያ ሴራ ከመፈለግ በፊት ማንበብ ይቅደም ብሎ ዘጋ። እውነቱን ነው፤ ጨው ግን አብዝቷል።

ከ5 እስከ 7 ያሉት በቃል ተጣሉ። 5ኛው የፈለገው ዕውቀት ለማከል ነበር፤ ነገር ግን የድንጋጤ ሞገድ የሚል ቃል አመጣ። 6ኛው ደንግጦ የሚሞት ኮፈን አይቼ አላውቅም ብሎ አፌዘበት፤ ሾክ ዌቭ ተብሎ በቀጥታ ይጻፍ ባይ ነው። 7ኛዋ የቋንቋ መምህርት ሳትሆን አትቀርም፣ የምት ሞገድ ይበቃል አለች። ከድምፅ በላይ ፈጥኖ፣ ፊቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የሚመጣ ግፊት ስለሆነ ምት የሚለው ቃል ባሕርይውን ይገልጻል ባይ ናት። እኔም ከዚህ በኋላ የምጠቀመው የእሷን ነው።

የክሩ ምሰሶ 8ኛው ነው። ጀርመን አገር የሚኖሩ አንድ መሐንዲስ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ከአጻጻፋቸው መገመት ይቻላል። ፍንዳታ አየር ላይ ሲሆን ግፊቱ የሚቆየው በሺኛ ሰከንድ የሚቆጠር ጊዜ ብቻ ስለሆነ ወሳኙ በአንድ አፍታ የሚያሳርፈው ጠቅላላ ርግጫ ነው አሉ። አንድን ርግጫ ለከባድና ለቀላል ሰሌዳ ብታካፍል ቀላሉ ፈጥኖ ይበራል። እኩል ውፍረት ያላቸውን ብረትና ካርቦን ውሰድ፤ የብረት እፍጋት በውሃ ሲለካ 7.8፣ የካርቦን ኮምፖዚት 1.6 ነው። ሒሳቡ ሲሠራ ቀላሉ ሰሌዳ የሚሸከመው የእንቅስቃሴ ጉልበት የብረቱን አምስት እጥፍ ያህል ይሆናል። ያንን ጉልበት ደግሞ አንድ ቦታ መዋጥ ግድ ነው። ተራ ብረት ከመበጠሱ በፊት ሃያ በመቶ ያህል ይለጠጣል፤ ሲታጠፍና ሲለጠጥ ጉልበቱን ይውጠዋል። ካርቦን ሁለት በመቶ እንኳ ሳይለጠጥ ይሰበራል። እኔ ይዤው የመጣሁት አምስት ዞሮ ግንባሬን መታኝ።

9ኛው እኔ ነኝ። አኩርፌ ነው የጻፍኩት፤ እኔ የእጅ ሠራተኛ ነኝ፣ ሒሳብ አላወራሁም፣ በእጄ የመታሁትን ነው የተናገርኩት አልኩ። 10ኛው ሁለት የሳቅ ምልክት ብቻ ጥሎ ሄደ። አሁን ሳነበው እኔም እስቃለሁ።

11ኛዋ ሐኪም ናቸው፤ ማንም ያልጠበቀውን በር የከፈቱት እሳቸው ናቸው። የኩላሊት ጠጠር የታካሚው ሰውነት ሳይቀደድ ከውጭ በምት ሞገድ እንደሚሰበር አስታወሱን። ሰው ሁሉ ማሽኑ ጠጠሩን እንደ መዶሻ ከፊት ቀጥቅጦ የሚፈጨው ይመስለዋል፤ እሳቸው ግን አንዱ ዋና መንገድ ሌላ ነው አሉ። ሞገዱ እየገፋ ጠጠሩ ውስጥ ይገባል፤ በጀርባው በኩል ሲወጣ ከጠጠሩ በጣም የላላ ነገር ስለሚያገኝ ተገልብጦ ይመለሳል፤ ሲመለስ ግፊት መሆኑ ቀርቶ መሳብ ይሆናል። ድንጋይ መገፋትን ይችላል፣ መሳብን አይችልም። ስለዚህ ጠጠሩ ከጀርባው ይፈርሳል።

ይህን ሳነብ መኪና ሥር ተኝቼ የነበርኩ ያህል ተነስቼ ተቀመጥኩ። 12ኛው ወዲያው ተከትሎ ታሪኩን ጨመረ። ማሽኑን የሠራው ዶርኒየር የተባለው የጀርመን አውሮፕላን ሠሪ ነው፤ ነገሩ የተጀመረው ከድምፅ በላይ የሚፈጥን አውሮፕላን ከዝናብ ጠብታ ጋር ሲጋጭ አካሉ ለምን እንደሚጎዳ ሲያጠኑ ነው፤ የመጀመሪያው ታካሚ እ.ኤ.አ. በ1980 ሙኒክ ላይ ታከመ። 4ኛው ሰው ተመልሶ መጥቶ፣ በዚህ ጊዜ በለዘበ ቃል፣ እኔ ሠላሳ እጥፍ ያልኩት ደካማ አቅጣጫ ሐኪሟ በነገሩን መሳብ የሚመታው ነው አለ፤ ይህን ግን እላይ በራሱ ምላሽ ላይ አርሞ ስለጨመረው ቁጥር የለውም። የምት ሞገድ ሰሌዳውን በውፍረቱ በኩል በሰከንድ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ያቋርጣል፤ ከጀርባው ተገልብጦ ሲመለስ ንብርብሮቹን ወደኋላ ይስባል፤ የሚይዛቸው ሬዚን ብቻ ነው። ፊቱ ሳይቧጠጥ ጀርባው ይላቀቃል።

ከዚያ 13ኛው ሰው ታይታንን ወረወረ፤ ወደ ታይታኒክ ስብርባሪ ሲወርድ የጠፋው የባሕር ሰርጓጅ ነገር። እሱ እያለ ምን ትከራከራላችሁ፣ ካርቦን ቆሻሻ ነው አለ። 14ኛው ቆጣ ብሎ መለሰለት፤ ታይታንን የመታው የምት ሞገድ ሳይሆን ቀስ ብሎ የከበደ የውሃ ጭነት ነው፤ ከ3,300 ሜትር በታች ከአየር ግፊት ከ330 እጥፍ በላይ ይጨምቃል፤ ክር ደግሞ እንደ ገመድ ነው፣ ሲስቡት እንጂ ሲገፉት አያገለግልም፣ ሲገፋ እንዳይታጠፍ የሚደግፈው ሬዚኑ ነው። 15ኛው ሁለቱንም ግማሽ ግማሽ ደገፈ። የካርቦን ቀፎው፣ ማለትም የሰርጓጁ አካል፣ 12.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ነበረው፤ በአምስት ዙር እየተጠቀለለና እየተጋገረ የተሠራ ነው፤ የአሜሪካ መርማሪዎች በኋላ ሲያዩት በውስጡ ክፍተትና የተሸበሸበ ቦታ አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 ከአንድ ጉዞ ወደ ውሃው ገጽ ሲወጣ ከባድ ድምፅ ተሰምቶ ነበር፤ የተገጠሙለት መለኪያዎችም ከዚያ በኋላ ባሕርያቸውን ለውጠው ነበር። እንደገና ወረደ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 18 ቀን 2023 አምስት ሰዎች ሞቱበት።

16ኛው አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፈው፤ ያ ድምፅ ባሕሩ ራሱ ያደረገው የሳንቲም ፈተና ነበር የሚል፤ 3ኛውን ማስታወሱ ነው። ከክሩ ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው። 17ኛው ታይታን የምት ሞገድ አልመታውም መባሉን በአንድ በኩል አረመ፤ ቀፎው ሲጨማደድ ራሱ የምት ሞገድ ፈጥሯል፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የማዳመጫ መሣሪያም ድምፁን ይዞታል። 18ኛው ስለ ሀብታሞች ቀልድ ነበር፤ አስተዳዳሪው አጠፋው፤ ደግ አደረገ።

19ኛዋን እንዴት እንደምተርክ ተቸግሬ ነበር። ቤሩት በቤት ሠራተኛነት የኖረች እህት ናት። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 4 ቀን 2020 ወደቡ ላይ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ሲፈነዳ ብዙም ሳትርቅ ነበረች። ጭሱን ለማየት ወደ መስኮት እየሄደች ሳለ ማዳም ከማድ ቤት ጠራቻት። ደጋግማ የተረከችው ስለ መስታወቱ ነው፤ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ገባ፣ ሳሎኑን ሞላው። አቧራው ሲረግብ ግን መጋረጃው ወደ ውጭ ተስቦ በመስኮቱ ፍሬም ላይ ተንጠልጥሎ አገኘችው፤ ይህ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ እንዳልገባት ጻፈች። መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ተለወጠ። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ያለቀበትን ነገር ርግጫና ሒሳብ እያላችሁ ስትጫወቱበት ማንበብ ይከብዳል አለችን።

ለብዙ ሰዓት ማንም አልጻፈም። 20ኛው እኒያ የጀርመኑ መሐንዲስ ነበሩ። መጀመሪያ እህቴ እግዚአብሔር እንኳን አተረፈሽ አሉ፣ ይቅርታም ጠየቁ። ከዚያ በአራት መስመር አስረዷት፤ የፍንዳታ ሞገድ ፊቱ ገፍቶ ካለፈ በኋላ በስተኋላው ግፊቱ ከተለመደው አየር በታች ይወርዳል፣ አየሩ ወደ መጣበት ይሳባል፣ ለዚያ ነው መጋረጃው ወደ ውጭ የሄደው። በ21ኛው እሷ አመሰገነች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

እዚያ ላይ ክሩ ቢዘጋ ጥሩ ነበር፤ ግን ክር አይዘጋም። 22ኛው ከስዊድን ገባና የ8ኛውን ስሌት ገለበጠ። አየር ላይ ቅለት ጉዳት ነው፣ ውሃ ውስጥ ግን ጥቅም ሊሆን ይችላል ባይ ነው። ውሃ እንደ አየር በቀላሉ ስለማይጨመቅ ቀላል ሰሌዳ ከምቱ ፊት ቶሎ ይሸሻል፣ ሲሸሽ ፊቱ ላይ ያለው ግፊት ይወድቃል፣ የሚያርፍበት ርግጫም ይቀንሳል። ይህን እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጂ. አይ. ቴይለር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1941፣ አስልቶታል። የስዊድን ባሕር ኃይል ቪስቢ የሚባሉ መርከቦቹን ያሠራው ከካርቦን ፋይበር ነው፤ የመጀመሪያዋ እ.ኤ.አ. በ2000 ውሃ ገባች፣ ርዝመቷ 73 ሜትር ገደማ ነው። ግድግዳዋ እንደ ሳንድዊች ነው፤ በሁለት የካርቦን ገጽ መካከል የፒቪሲ ፎም፣ እንደ ስፖንጅ ያለ ፕላስቲክ፣ አለ። ፎሙ ሲጨፈለቅ ጉልበት ይውጣል።

23ኛው፣ እኒያው መሐንዲስ፣ እኔ አየር ላይ ብዬ በግልጽ ጽፌያለሁ ብለው ተቆጡ። 24ኛው፣ ያው የስዊድኑ ሰው፣ ቃሉ የት መስመር ላይ እንዳለ ቆጥሮ መለሰላቸው። ሁለት የተማሩ ሰዎች በመስመር ቁጥር ሲጨቃጨቁ አንዲት ቀን አለፈች። 25ኛው ገላጋይ ሆነ፤ የባሕር ፈንጂ የሚያነሱ መርከቦች ፈንጂውን በማግኔት እንዳይቀሰቅሱ ከብረት ውጭ መሠራት ስላለባቸው እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1973 ዊልተን የተባለችውን ከፋይበር ግላስ መሥራታቸውን አነሳ። ፋይበር ግላስ ከካርቦን ይከብዳል፣ ግን ከመሰበሩ በፊት የበለጠ ይለጠጣል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። የተሻለ የሚባል ነገር የለም፣ ለምን ጉዳይ ነው የሚለው ነው ጥያቄው አለ። ይህ ሰው ዳኛ ቢሆን ጥሩ ነበር።

ከ26 እስከ 31 ከርዕስ ወጣን። አንዱ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 2013 ለንደን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ ሳለ የተቃጠለውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 አነሳ፤ ያ እኮ ካርቦን ነው፣ ተበላሽቶ ቀረ አለ። 27ኛው፣ የ3ኛው የጥገና ሰው፣ ፈጥኖ አረመው። እሳቱ የተነሳው ሰው ሳይኖርበት ከአደጋ ጊዜ ምልክት ማስተላለፊያው ባትሪ ነው፤ የተቃጠለው በጅራቱ በኩል ያለ ጣሪያው ነው፤ ተጠግኖ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ በረራ ተመልሷል። 28ኛዋ መብረቅስ ብላ ጠየቀች፤ ነጎድጓድ ራሱ የምት ሞገድ ሆኖ የተወለደ ድምፅ አይደለም ወይ አለች። ነው፤ ለመብረቁ ደግሞ ከቀለሙ ሥር ቀጭን የመዳብ መረብ ይነጠፋል፣ ኤሌክትሪኩ ክሮቹን ሳያቃጥል በላይ በላዩ እንዲያልፍ። 29ኛው የቲኬት ዋጋ ናረ ብሎ አማረረ። መልስ አላገኘም።

30ኛው የገጠር ልጅ ነው። ይህ ሁሉ ጭቃና ጭድ ነው አለ፤ አያቱ ቤት ሲመርጉ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር ረግጠው የሚያቦኩት ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ነው፤ ካርቦኑ ጭድ፣ ሬዚኑ ጭቃ። ሁሉም አጨበጨበለት፤ 31ኛው ብቻ ጭድ በየአቅጣጫው ተበትኖ ስለሚገባ ምሳሌው ጎዶሎ ነው አለ። የአውሮፕላን ካርቦን አንዱ ንብር ወደዚህ፣ ቀጣዩ ወደዚያ እየተደረገ ይነጠፋል፤ በውፍረቱ በኩል ግን አንድም ጭድ አይቆምም። ትክክል ነው፤ የአያትየውን ቤት ግን ማንም በምት ሞገድ አልሞከረውም።

32ኛውና 33ኛው ተሰዳደቡ። አንዱ ሌላውን ከኢንተርኔት የለቀመ ዶክተር አለው፤ ሌላው የመለሰውን እዚህ አልጽፈውም። 34ኛው የአስተዳዳሪው ማስጠንቀቂያ ነው።

35ኛዋ ልብስ ሰፊ ነኝ አለች፤ የክሩን ምርጥ ጥያቄ የጠየቀችው እሷ ናት። ንብርብሩ የሚላቀቅ ከሆነ ለምን አይሰፋም? ፍራሽ አዳሽ ጥጡ እንዳይሸሽ ረጅም መርፌ ከላይ እስከ ታች አሳልፎ ቋጥሮ ይይዘው የለ? 36ኛው፣ የ4ኛው ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አደነቀ። ይሰፋል አላት፤ በውፍረቱ በኩል ክር እየተሳለፈ የሚሠራ አለ፣ መላቀቁንም በጣም ይቀንሳል። ዋጋው መርፌው ሲያልፍ ዋናዎቹን ክሮች ማጣመሙና አንዳንዱን መጉዳቱ ነው፤ ስለዚህ በመሳብ በኩል ያለው ጥንካሬ ትንሽ ይጎድላል። 37ኛው የመነሻ ጥያቄዬን የመለሰ ብቸኛ ሰው ነው። ጥይት የሚከላከል መኪና ውጭው ብረት የሚሆነው ብረት ተለጥጦ ስለሚውጥ፣ ተመቶም እንደገና ስለሚመታ፣ ማንም ጋራዥ በይዶ ስለሚያቆመው ነው። ከብረቱ ጀርባ ግን ብዙ ጊዜ ኬቭላር ወይም ፖሊኢትሊን ከሚባሉ ጠንካራ የፕላስቲክ ክሮች የተሠራ ጨርቅ ይለጠፋል፤ ምት ከጀርባ የሚፈለቅቀውን የብረት ቁራጭ ተሳፋሪው ላይ ሳይደርስ እንዲይዝ። እዚህም ጀርባ። ሴራ የለም ብሎ ጨመረ፤ ይገባኛል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጋራዡን ቀድሜ ከፈትኩ። ኮፈኑ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ያብረቀርቃል። ከኪሴ የአንድ ብር ሳንቲም አወጣሁና ከጫፉ ጀምሬ በየጣት ስፋቱ ማንኳኳት ጀመርኩ። ጥርት ያለ ድምፅ፣ ጥርት ያለ ድምፅ። መዶሻዬን ያሳረፍኩበት ቦታ ስደርስ ድፍን አለ። አንድ ጣት ወደ ግራ፣ ድፍን። ወደ ቀኝ፣ ድፍን። በጠመኔ ዙሪያውን ሳሰምረው የመዳፌን ያህል ሆነ። ገልብጬ ጀርባውን በባትሪ አየሁት፤ ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ አለች፤ ከፊት በኩል ግን አሁንም ምንም የለም።

38ኛው ምላሽ የእኔ ነው፤ ያየሁትን እንዳለ ጻፍኩ፣ ፎቶውንም ከነጠመኔው አያይዤ። 39ኛው የጥገናው ሰው ነው፤ የተላቀቀው ቦታ በባለሙያ ተፈግፍጎ በአዲስ ንብር መጠገን እንደሚችል ነገረኝ፣ ስቱኮ ሞልቼ ቀለም እንዳልቀባበትም አስጠነቀቀኝ። አስቤው ነበር። 40ኛዋ ሐኪሟ ናቸው፤ የሳቅ ምልክት ልከው ጠጠሩ ተገኘ አሉ።

41ኛዋ ያቺ የቤሩቷ እህት ናት። ከመነሻ ጽሑፌ የጎደለውን አንድ ነገር ያስተዋለች እሷ ብቻ ነበረች፤ ኮፈኑ የማን ነው ብላ ጠየቀች።

የደንበኛ ነው። ለቀለም ብቻ ነበር ያመጣው፤ ከሰዓት በኋላ ሊወስድ ይመጣል። ክሩን ዘግቼ ስልኩን ደወልኩለት።